የማሳጅ አልጋ አንሶላ የመመረቂያ ፕሮጀክት አይሆንም ያለው ማነው?

እንደሚታወቀው በዲፓርትመንታችን የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ ማስገቢያ ቀን ሲቃረብ ወሬው ሁሉ ቬሎ ነው። ቬሎ ያልመረጠ የሐበሻ ቀሚስ ይመርጣል፤ የሐበሻ ቀሚስ ያልመረጠ የራት ልብስ ይመርጣል። ሰኔ ላይ ፋሽን ሾው ይደረጋል፣ ይጨበጨባል፣ ፎቶ ይነሳል። ከዚያ በኋላ ልብሱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባል። በቃ። ማንም ለብሶት ሥራ አይሄድም፤ ማንም አጥቦት «ቀለሙ ለቀቀ» ወይም «ተኮማተረ» ብሎ አይወቅሰንም።

እኔ ቬሎ አይሰፋ አላልኩም። ሙሽራ እስካለች ድረስ ቬሎም ይኖራል፤ ጥሩ ቬሎ የሚሰፋ ሰው ደግሞ ክብር ይገባዋል። የኔ ጉዳይ ሌላ ነው። ዘንድሮ ርዕሴን «ለማሳጅና ለፊዚዮቴራፒ ክፍሎች የሚያገለግሉ የጨርቅ ሥራዎች» ብዬ ሳስገባ የሰማሁት ሳቅ ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ። «አንሶላ ልትሰፊ ነው እንዴ ሦስት ዓመት ሙሉ የተማርሽው?» ያለችኝ የቅርብ ጓደኛዬ ነች። በክፋት አላለችውም። ነገር ግን በብዙዎቻችን ልብ ውስጥ ያለውን ነው የተናገረችው። ስለዚህ መልሱን ለሷ ብቻ ከምነግራት ለሁላችንም ብጽፈው ይሻላል አልኩ። ውድ አንባብያን፣ እስቲ በትዕግሥት ተከተሉኝ።

በመጀመሪያ ማሸት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ወለም ያለው ሰው ወደ ወጌሻ ይሄዳል። አራስ ወገቧንና ሆዷን ትታሻለች፣ ሕፃንም ገላው በቅቤ ይታሻል። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትቆረቆር እቴጌ ጣይቱን ከእንጦጦ ወደ ታች የሳባቸው የፍልውሃው ሙቀት እንደሆነ ሁላችንም በታሪክ ተምረናል። ሰውነትን በሙቀትና በእጅ ማከም በደማችን ያለ ነገር ነው ማለት ይቻላል። አዲስ የሆነው ሙያው በክፍያ፣ በአልጋና በቀጠሮ መሰጠቱ ነው። ዛሬ በከተማችን ሆቴሉም፣ የውበት ሳሎኑም፣ ስፖርት ቤቱም «ማሳጅ» የሚል ጽሑፍ ለጥፏል።

ታዲያ ይህ ሙያ በሰው አፍ ላይ ምን ስም እንዳለው መደበቅ አያስፈልግም። «ማሳጅ ቤት ነው የምሠራው» የምትል ልጅ ወዲያው በጎን ትታያለች። በሰፈራችን በሙያው ሠልጥና የምትሠራ አንዲት ልጅ አለች። የሰው ጡንቻ ስም ከነአቀማመጡ ነው የምትነግራችሁ። እናቷ ግን ለጎረቤት «ሆቴል ነው የምትሠራው» ይላሉ። ይህችው ልጅ አንድ ቀን ስለ ሥራዋ ስጠይቃት ያልጠበቅሁትን ነገረችኝ። ቀድሞ ትሠራበት የነበረው ቤት ለአንድ ደንበኛ የሚሰጣት አንዲት ፎጣ ብቻ ነበረች። ፎጣዋ ጀርባ ስትሸፍን እግር ይገለጣል፣ እግር ስትሸፍን ጀርባ። «ደንበኛው እንደዚያ ተገልጦ ሲተኛ ቤቱ ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ የነገርነው ይመስለዋል፤ ከዚያ በኋላ እኔ አፌን ሞልቼ ባለሙያ ነኝ ብል ማን ይሰማኛል?» አለችኝ።

ይህ አነጋገሯ ብዙ አሳሰበኝ። እኛ ስፌት ተማሪዎች ጨርቅ ሰውን እንደሚያስከብር በየቀኑ እንናገራለን፤ እሷ ግን ክብሯ በአንድ ሜትር ከሃምሳ ጨርቅ ማነስ ምክንያት ሲጎድል እያየች ትሠራለች። በሙያው ትምህርት ውስጥ አሸፋፈን ራሱን የቻለ ክፍል ነው። ደንበኛው ከአንገቱ እስከ እግሩ በአንሶላ ይሸፈናል፤ ባለሙያዋ የምትገልጠው በዚያች ሰዓት የምትሠራበትን ክፍል ብቻ ነው። ክንድ ሲሠራ ክንድ፣ ጥጃ ሲሠራ ጥጃ፤ ያ ክፍል ሲያልቅ ተመልሶ ይሸፈናል። የአንሶላው ጠርዝ ከጭኑ ሥር ተደርጎ ይጠበቃል። ይህ ደንበኛውን ከብርድም ከሀፍረትም ያድነዋል። ባለሙያዋን ደግሞ «እዚህ ድረስ ነው፣ ከዚህ አያልፍም» ብላ ሳትናገር እንድትናገር ያደርጋታል። እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚሠራው ጨርቅ ነው። አንሶላው ጠቦ ከተቆረጠ ወሰኑም አብሮ ይጠብባል።

አሁን ወደ ሙያችን እንምጣ። «አንሶላ ምን ሙያ አለው፣ አራት ጎን መቀምቀም ነው» ለሚሉ ወገኖች አንድ ምሳሌ ላቅርብ። የማሳጅ አልጋ የቤት አልጋ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ወርዱ 70 ሳንቲሜትር፣ ቁመቱ 185 ሳንቲሜትር አካባቢ ነው፤ በቆዳ መሰል ነገር የተለበጠ ስለሆነ ያንሸራትታል፤ ጫፉ ላይ ደግሞ የፈረስ ኮቴ የሚመስል የፊት ማሳረፊያ ይሰካበታል። ለአንድ ሰው አልጋ የተሰፋ ተራ አንሶላ ብታነጥፉበት በሁለቱም ጎን ወደ መሬት ይንጠለጠላል፤ ባለሙያዋ አልጋውን በዞረች ቁጥር እግሯ ይይዘዋል። ስለዚህ በልኩ መሰፋት አለበት።

ልኩን እንሥራ። የፍራሹ ውፍረት 6 ሳንቲሜትር ነው እንበል። ጨርቁ በየጎኑ 6 ለውፍረቱ፣ 8 ከሥር ለመታጠፊያ፣ 2 ለላስቲኩ ማስገቢያ ይፈልጋል፤ በድምሩ በየጎኑ 16። ስለዚህ የምንቆርጠው ወርድ 70 ሲደመር 32፣ ማለትም 102 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ ቁመቱ ደግሞ 185 ሲደመር 32፣ ማለትም 217። ከታጠበ በኋላ ወርዱ 1.50 ሜትር የሆነ ጨርቅ ከያዝን በጎን በኩል 48 ሳንቲሜትር ወርድ ያለው ረጅም ቁራጭ ይተርፋል። ከዚህ ትርፍ ውስጥ ቁመታቸው 45 ሳንቲሜትር የሆነ አራት የፊት ማሳረፊያ ሽፋኖች ይወጣሉ። ከዚያም በኋላ 37 ሳንቲሜትር ይቀራል፤ እሱ ደግሞ 12 በ24 ሆኖ ሲቆረጥ ለሦስት የዓይን ትራሶች ስድስት ቁራጭ ይሆናል። በሁለት ሜትር ከ17 ሳንቲሜትር ውስጥ አንድ አንሶላ፣ አራት ሽፋንና ሦስት የዓይን ትራስ ወጣ ማለት ነው፤ የሚጣለው ለመጥረጊያ እንኳ አይበቃም። የፓተርን አቀማመጥ ኮርስ ላይ «ብክነት ቀንሱ» ስንባል የነበረው ይኸው አይደለም እንዴ? ቬሎ ስንቆርጥ ከጠረጴዛው ሥር የምንጠርገውን ክምር ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን።

የጨርቅ ምርጫውም ቢሆን ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። በእኔ አስተያየት ለዚህ ሥራ ንጹሕ ጥጥ የሚያህል የለም። ሰው ሠራሽ ክር ያለበት ጨርቅ ቶሎ ይደርቃል፣ አይጨማደድም፤ ነገር ግን የዘይት ሽታ አንዴ ከያዘ አልለቅም ይላል። ጥጥ የፈላ ውኃም፣ በረኪናም ይችላል። አቡጀዲ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነካ ይሻክራል፤ ደጋግሞ ሲታጠብ ግን ይለሰልሳል። ዋናው ነገር ከመቆረጡ በፊት በሙቅ ውኃ መታጠብ አለበት፤ አለበለዚያ በልክ የሰፋነው አንሶላ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ የአልጋውን ጥግ አልደርስም ይላል። ነጠላስ? ነጠላ ሳስቶ ገላ ያሳያል፤ ለመሸፈኛ አይሆንም። ጋቢ ደግሞ አራት ድርብ በመሆኑ ይሞቃል፣ ይከብዳል፣ የከበደ ነገር ደግሞ ሰውነትን ያረጋጋል። ስለዚህ ጋቢ ከአንሶላው በላይ እንደ ብርድ ልብስ ቢደረግ ከውጭ ከሚመጣው ብርድ ልብስ የሚያንስበት ምክንያት አይታየኝም። ዘይት እንዲነካው ግን አይፈቀድም፤ ታጥቦ ለመድረቅ ቀናት ይፈጃልና።

ላስቲክም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ሙቅ ውኃና በረኪና ከሁሉ ቀድመው የሚጨርሱት ላስቲክን ነው። ላስቲኩን ጨርቁ ላይ አጥብቀን ከሰፋነው ላስቲኩ ሲሞት አንሶላው አብሮ ይሞታል። ስለዚህ እኔ የማደርገው ጠርዙን አጥፌ መተላለፊያ መሥራትና ላስቲኩን በመርፌ ቁልፍ ማስገባት ነው። ሲላላ ባለሙያዋ ራሷ ስባ ታወጣዋለች፣ አዲስ ታስገባለች፤ ልብስ ሰፊ ፍለጋ መሄድ አይጠበቅባትም። ይህች ትንሽ ነገር ናት፤ ነገር ግን የአንሶላውን ዕድሜ ታረዝማለች።

ስለ ዘይት ካነሳን ብዙ ሰው የማያውቀው አደጋ አለ። በአትክልት ዘይት የራሰ የጥጥ ጨርቅ በደንብ ሳይታጠብ ወደ ማድረቂያ ማሽን ገብቶ፣ ሞቆ ከወጣ በኋላ ተከምሮ ከተቀመጠ በራሱ ጊዜ እየጋለ ሄዶ ሊነድ ይችላል። ዘይቱ ከአየር ጋር ሲዋሐድ ሙቀት ይፈጥራል፤ ክምሩ ደግሞ ሙቀቱን አፍኖ ይይዘዋል። በዚህ ረገድ የተልባ ዘይት ከሁሉም የባሰ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በሙቅ ውኃና በበቂ ሳሙና ማጠብ፣ በተቻለ መጠን በፀሐይ ማድረቅ፣ ከማድረቂያ የወጣውን ሳይከምሩ ማቀዝቀዝ። እኛ የምንሰፋ ሰዎች ይህን በትንሽ ወረቀት ጽፈን ከአንሶላው ጋር ካልሰጠን የሸጥነው ዕቃ ጎዶሎ ነው።

ሦስተኛው ሥራ ጥቅልል ትራስ ነው። በጀርባ ለተኛ ሰው ከጉልበቱ ሥር፣ በሆዱ ለተኛ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ይደረጋል፤ ወገብ እንዲያርፍ የሚያደርገው እሱ ነው። የክቡ ስፋት 18 ሳንቲሜትር ከሆነ ዙሪያው 56 ሳንቲሜትር ተኩል ነው፤ የስፌት ትርፍ ሲጨመር 58 ተኩል እንቆርጣለን። ክቡን ከቀጥታው ጋር ያለ መጨማደድ መግጠም እጅጌ ከመግጠም አይተናነስም፤ የማያምን ይሞክረው። መሙያውስ? ከመቁረጫ ክፍላችን በየሳምንቱ በጆንያ የሚጣለው ቁርጥራጭ በደንብ ተከታትፎ፣ ተጠቅጥቆ ሲሞላ ከስፖንጅ የበለጠ ጠንካራና የማይሟሽሽ ይሆናል። ውስጠኛው ከረጢት ተሰፍቶ ይዘጋል፤ የሚታጠበው ላይኛው ሽፋን ብቻ ነው።

አራተኛው የሙቀት ከረጢት ነው፤ እዚህ ላይ አገራችን ትልቅ ሀብት አላት፤ ተልባ። ተልባ ፍሬው ትንሽና ልሙጥ ስለሆነ በከረጢቱ ውስጥ እንደ ውኃ ይፈስሳል፤ አንገትም ላይ ትከሻም ላይ ልክ እንደ ሰውነቱ ቅርጽ ሆኖ ይተኛል። ሲሞቅ በፍሬው ውስጥ ያለው ጥቂት እርጥበት ስለሚወጣ ሙቀቱ ደረቅ አይሆንም። ተልባ ከሌለ ሩዝ ወይም ስንዴም ይሆናል። ከረጢቱ 15 በ45 ሳንቲሜትር ሆኖ በአራት ክፍል በስፌት ይከፈላል፤ አለበለዚያ ፍሬው ሁሉ ወደ አንድ ጎን ይሄድና ሌላው ባዶ ይቀራል። እያንዳንዱ ክፍል ሦስት አራተኛው ብቻ ይሞላል፤ ጢም ብሎ ከሞላ ድንጋይ ነው የሚሆነው። ጨርቁም ክሩም ጥጥ ይሁን፣ ሰው ሠራሹ በማይክሮዌቭ ውስጥ ሊቀልጥ ይችላል። ዚፕም ሆነ የብረት ቁልፍ አይገባበትም። ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ከሞቀ በኋላ ባለሙያዋ መጀመሪያ በራሷ ክንድ ትሞክረዋለች። በስኳር በሽታ ወይም በሌላ ምክንያት ስሜቱ ለደነዘዘ ሰው ደግሞ ሙቀቱን ስለማይለይ ባይደረግለት ይመረጣል። በዓይን ትራሱ ውስጥም ከተልባው ጋር ትንሽ የደረቀ ጦስኝ ወይም ጠጅ ሣር ቢጨመርበት ላቬንደር ከባሕር ማዶ ማስመጣት አያስፈልግም።

አሁን ከሁሉም በላይ ወደ ልቤ የቀረበውን ላንሳ። የማሳጅ ሙያ በብዙ አገር የዐይነ ስውራን እንጀራ ነው። በጃፓን በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሱጊያማ ዋኢቺ የተባለ ዐይነ ስውር ሐኪም ዐይነ ስውራን የሚማሩባቸውን የአኩፓንክቸርና የማሸት ትምህርት ቤቶች መሥርቷል። በደቡብ ኮሪያ ደግሞ የማሳጅ ፈቃድ በሕግ የሚሰጠው ለዐይነ ስውራን ብቻ ነው፤ የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤትም ይህንኑ ሕግ በ2008 እ.ኤ.አ. አጽንቶታል። በእኛም ከተማ በዚህ ሙያ የሚተዳደሩ ዐይነ ስውራን አሉ። ጣታቸው ከእኛ ዓይን ይበልጣል።

እንግዲህ አስቡት፤ ማየት የተሳናት ባለሙያ ከመደርደሪያ አንሶላ ስታወጣ የላይኛውን ከታችኛው፣ የውስጡን ከውጩ በምን ትለየዋለች? በቀለም መለየት ለኛ እንጂ ለሷ አይሠራም። መልሱ ያለው በመርፌያችን ጫፍ ነው። በታችኛው አንሶላ ጥግ ላይ አንድ ጎላ ያለ የጥልፍ ነጥብ፣ በላይኛው ላይ ሁለት፣ በፊት ማሳረፊያው ሽፋን ላይ አጭር መስመር፤ ሁልጊዜ በእግር በኩል ባለው ቀኝ ጥግ፣ ሁልጊዜ በደህናው ፊት። ለዘይቱ ጠርሙስ ደግሞ በወገብ የሚታሰር ኪስ፤ ጠርሙሱ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ይገኛል፣ በጠረጴዛ ላይ ሲፈለግ አይደፋም። ይህን ሐሳብ ለአንዲት ዐይነ ስውር ባለሙያ ሳማክራት ናሙናውን በጣቷ ዳብሳ «ነጥቡን ትንሽ ከፍ አድርጊው፤ ከታጠበ በኋላ ይተኛል» አለችኝ። ልብ በሉ፤ ሦስት ዓመት ስማር እንደዚህ ያለ አስተያየት ከፋሽን ሾው ተመልካች ሰምቼ አላውቅም። በወፍራም ክር፣ ከሥሩ ድርብ ጨርቅ አድርጌ ሠራሁት፤ አሁን ከብዙ እጥበት በኋላም በጣት ይታወቃል።

ወደ ተቃውሞዎቹ ልመለስ። አንደኛው «ገበያ የለውም» የሚል ነው። እስቲ እናስላ። አንዲት ባለሙያ በቀን አምስት ደንበኛ ብታስተናግድ ለእያንዳንዱ ንጹሕ አንሶላ ያስፈልጋል። አምስት በሥራ ላይ፣ አምስት እጥበት ላይ፣ አምስት መደርደሪያ ላይ፤ 15 ሆነ። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ የተሰጣው በቀኑ አይደርቅም፤ ሌላ አምስት ይጨመር፤ 20። ይህ እንግዲህ ለአንድ አልጋ የታችኛው አንሶላ ብቻ ነው፤ የላይኛው፣ ሽፋኑ፣ ትራሱ፣ ከረጢቱ ገና አልተቆጠረም። ይህም ሁሉ ያልቃል፣ ይተካል። ሙሽራ ቬሎ የምትፈልገው አንድ ጊዜ ነው፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ትከራየዋለች።

ሁለተኛው «ከውጭ ርካሽ ይመጣል፣ ሰልባጅም ሞልቷል» የሚል ነው። እውነት ነው ይመጣል። ነገር ግን ሰልባጅ አንሶላ የተሰፋው ለሌላ አልጋ ነው፤ አንዱ ከሌላው ጋር አይመሳሰልም፤ ከዚህ በፊት ምን እንደነካውም አይታወቅም። ከውጭ የሚመጣው በልኩ የተሠራ ደግሞ የፊት ማሳረፊያ ሽፋኑ ቢቀደድ አንድ ብቻ ማምጣት አይቻልም። እኛ ግን እዚሁ ነን። ሲቀደድ እንጠግናለን፣ ሲጠብ እናሰፋለን። የእጅ ሥራ ከፋብሪካ ጋር በርካሽነት አይወዳደርም፤ የሚወዳደረው በልክና በቅርበት ነው።

ሦስተኛው፣ ከመምህሮቻችንም የሰማሁት፣ «ተማሪዎቻችንን የምናዘጋጀው ለፋብሪካ ነው» የሚለው ነው። መምህሮቼን አከብራለሁ፤ ይህም ክርክር ቀላል አይደለም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ታላላቆቻችን ስንቱን ተስፋ አድርገው ነበር። ሆኖም ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. አገራችን ከአጎዋ ዕድል ስትወጣ ለአሜሪካ ገበያ ይሰፉ የነበሩ ሰዎች ምን እንደገጠማቸው ሁላችንም ሰምተናል፤ የራሳቸው እጅ ጥፋት ሳይኖርበት ሥራቸው ተናጋ። ፋብሪካ አንግባ ማለቴ አይደለም። ነገር ግን አንድ ተማሪ ከፋብሪካው ሌላ መሄጃ ያለው ሆኖ ቢመረቅ ምን ይጎዳል? አሥር ሜትር አቡጀዲ፣ አንድ ሲንጀርና በአቅራቢያው ያለ ማሳጅ ክፍል ለመነሻ ይበቃዋል። ከአምራቹ እስከ ተጠቃሚው ያለው መንገድ የአንድ ታክሲ መንገድ ነው፤ ማንም ከባሕር ማዶ ሊዘጋበት አይችልም።

አራተኛውና ዋናው ግን የማንናገረው ተቃውሞ ነው፤ «ክብር የለውም» የሚለው። ለጓደኛዬ ሳቅም ምንጩ ይኸው ይመስለኛል። እዚህ ላይ በድፍረት ልናገር። ቬሎ የሚፈተነው ለአንድ ቀን፣ ያውም በሩቁ በሚያይ ሰው ነው። አንሶላ የሚፈተነው በዘይት፣ በፈላ ውኃ፣ በበረኪና፣ በፀሐይና በየቀኑ በላዩ በሚተኛ ሰው ገላ ነው። የቬሎው የተጣመመ ስፌት በዶቃ ይሸፈናል፤ የአንሶላው የተጣመመ ስፌት የታመመ ጀርባ ይቆረቁራል። ታዲያ ከሁለቱ የትኛው ነው ሙያን የበለጠ የሚፈትን? በቀላል ነገር ላይ ጥንቃቄ ያላሳየ እጅ በከባዱ ላይ ያሳያል ብዬ አላምንም።

ስለዚህ ለዲፓርትመንታችን የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። በመጀመሪያ፣ ከመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕሶች መካከል «የአገልግሎት ጨርቆች» የሚል አንድ ክፍል ይከፈት። ማሳጅ ብቻ ሳይሆን የፊዚዮቴራፒ ክፍል፣ ማዋለጃ ክፍልና የአረጋውያን መጦሪያም ይገባበታል። ሁለተኛ፣ ውጤት የሚሰጠው በመድረክ ሳይሆን በፈተና ይሁን፤ ሥራው 20 ጊዜ ይታጠብ፣ ከታጠበ በኋላ በሜትር ይለካ፣ ስፌቱ ይጎተት፣ የተጠቀመበት ባለሙያም የጽሑፍ አስተያየት ይስጥ። ሦስተኛ፣ ተማሪዎች ከመቁረጣቸው በፊት ቢያንስ ግማሽ ቀን የሚጠቀሙበት ሰዎች ዘንድ ሄደው ሥራውን ይመልከቱ። የሰውነት ልክ ሳንወስድ ልብስ እንደማንቆርጥ ሁሉ፣ የሥራውን ልክ ሳንወስድ ለሥራው መስፋት የለብንም። ይህ ሁሉ አዲስ ማሽን አይጠይቅም፤ አዲስ በጀትም አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ለተራው ጨርቅ ያለንን አመለካከት መለወጥ ነው።

የሰፈሬ ልጅ አሁን የምትሠራበት ቦታ ሌላ ነው፤ እኔ የሰፋሁላት ስድስት ሙሉ አንሶላዎች አሏት። ቀሪዎቹን 14 ከማስረከቢያው ቀን በፊት እጨርሳለሁ። በዚህ ሥራ መሳተፍ የሚፈልግ ተማሪ ካለ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በሁለተኛው የስፌት ክፍል ያገኘኛል፤ መቀስ ይዞ ይምጣ፣ ክሩ አለ። ስቃ የነበረችው ጓደኛዬም ብትመጣ በጣም ደስ ይለኛል፤ የክብ ስፌት አገጣጠሟ ከኔ ይበልጣል፤ ጥቅልል ትራሱን ለሷ ነው ያቆየሁት።

ቸር ይግጠመን።